የእናቴ ዓይን

ዛሬ እናቴን ለዓይን ምርመራ ይዣት ወጣሁ። ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆኗታል፤ መድኃኒቷን አታቋርጥም፣ ዓይኗን ግን አንድም ቀን ታይታ አታውቅም። «ምኔን አመመኝና?» ትላለች። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ አያምም። ስኳሩ ሬቲና የሚባለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። ሥሮቹ ያፈስሳሉ፣ ይደፈናሉ፤ በሽተኛው ግን እስኪብስበት ድረስ ደህና ሊያይ ይችላል።

ጠብታ ተደረገላት። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ የዓይኗ ብሌን እየሰፋ ሄዶ ጥቁሩ ክብ ቡናማውን ሊውጠው ደረሰ። ሐኪሙ ጥቂት የደም ነጠብጣቦች አገኘ። የሌዘር (የጨረር) ሕክምና ለጊዜው አያስፈልጋትም፤ ስኳሯንና የደም ግፊቷን ተቆጣጥራ ከ6 ወር በኋላ ትመለሳለች። ሌዘር በአብዛኛው የቀረውን እይታ ለማዳን እንጂ የጠፋውን ለመመለስ እንዳልሆነ ሲያስረዳን እጄን ጭብጥ አደረገችው። ሕመሟ እንደታወቀ ወዲያው፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት ነበረባት። ቆጨኝ።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ሳብ አድርጋ ክንዴን ያዘች፤ በደሴ ፒያሳ በኩል ቀስ ብለን ወረድን።

«ጦሳ ዛሬ ጉም ለበሰ እንዴ?» አለችኝ።

የጦሳ ተራራ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ጠብታው እስኪለቃት እንደሆነ ነገርኳት፤ ድምፄ ግን ተንቀጠቀጠ።

«አብሽሪ ልጄ» አለችኝ እሷው መልሳ።