ያን ወተት ባልሰጠኋቸው

ድመቴ ውሪት ግንቦት መጀመሪያ ላይ አራት ወለደች። ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ተከራይቼ በምኖርባት አንድ ክፍል ቤት፣ ብርድ ልብስ የማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ። ሦስቱን ለሰው ሰጥቻለሁ፣ አንዷን ቀብሬያለሁ። የምጽፈው በተቀበረችው ምክንያት ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሥራ የላቸውም። እናትየዋን ደህና አብሏት፣ ውኃ አይጥፋባት፣ የቀረውን እሷ ታውቅበታለች። ልጆቹን ግን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እቀፏቸው። እስከ ሰባተኛው ሳምንት የሰው እጅ ያልለመደች ድመት በኋላ ብታባብሏትም በቀላሉ እሺ አትልም።

ጉዱ የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ያመጣው ደግሞ የእኔ ችኮላ። ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሦስቱ ታጭተው ነበር። አንዷን የቡና መጋዘን ጠባቂ፣ አንዱን የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዱን አጋሮ ያለች የአከራዬ እህት። "መቼ ነው የምንወስደው?" የሚለው ስልክ ዕረፍት ነሳኝ። ቶሎ ጡት ላስጥላቸው ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሊትር የላም ወተት ገዛሁ። አያቴ ቤት ድመት ወተት ስትልስ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ማን ይጠረጥራል?

ጠጡት። እየተንገዳገዱ ሳህኑ ውስጥ ገብተው፣ እግራቸውን ነክረው፣ ጺማቸው ላይ ነጭ ጠብታ ተንጠልጥሎ። ፎቶ አነሳኋቸው። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እሑድ ተቅማጥ ጀመራቸው። እኔ ብልጧ የራባቸው መስሎኝ ወተት ጨመርኩ! ሰኞ ትንሿ፣ ዳማዋ፣ መነሳት አቃታት። በዝናብ ካርቶን አቅፌ በባጃጅ አንድ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ዘበኛው "ዶሮ ነው?" አለኝ። ድመት ስለው ሳቀ። "እዚህ እኮ ከብት ነው የሚታየው።" ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል፣ ከሰዓት ነይ። ከሰዓት ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ። ማክሰኞ ሲገኝ ካርቶኑን እንኳ አልከፈተም። ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ "ከእናታቸው ለይያቸው፣ ወተቱን በውኃ አቅጥነሽ ስጪ" አለኝ። አለቀ። ሁለት ቀን ዝናብ የደበደበኝ ለዚች ዓረፍተ ነገር ነው።

ከእሱ ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን እሺ ብዬ መሄዴ ነው። ያን ማታ ውሪትን ውጪ ዘጋሁባት። ሌሊቱን ሙሉ በሩን ስትቧጥጥ አደረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ድምፅዋ ይጠፋል፣ ሲያባራ እንደገና ይሰማል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ዳማዋን ስዳብሳት ሆዷም አፏም ቀዝቅዟል። እጄ ላይ ሁለት ጊዜ አዛጋች፣ ከዚያ ቀረች። በሩን ስከፍት ውሪት እየተንጠባጠበች ገብታ መላስ ጀመረች። የሞተችውን አስቀድማ።

ሲነጋ ጎረቤት ግቢ የሚከራየውን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ቀሰቀስኩት። እስከዚያ ለምን እንዳልጠየቅሁት እኔም መልስ የለኝም። የአንዱን የትከሻ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው ተመልሶ አልተኛም፣ እንደቆመ ቀረ። "ውኃ አልቆበታል፣ እህቴ። ምን ሰጠሻቸው?" ወተት ስለው ዝም አለ።

በላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የብዙ ድመቶች ሆድ በደንብ አይፈጨውም። ተቅማጥ ይሆናል፣ እንዲህ ያለችን ነፍስ ደግሞ የሰውነት ውኃ ማለቅ በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሳታል። በውኃ ማቅጠኑም ያው ወተት ነው። መጀመሪያ ወደ እናታቸው መለሳቸው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን ጎናቸው አስቀመጥን፤ የበረዳትን ሳያሞቁ ማጉረስ አይሆንም። ከዚያ ኦ አር ኤስ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ፣ ጠብታ በጠብታ፣ በሆዳቸው እንደተኙ። እንደ ሕፃን በጀርባ ካስተኛችኋቸው ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ወስፋትም ሳይኖርባቸው አይቀርም አለኝ። ከእናት ጡት ጋር ይተላለፋል ለካ። ተቅማጡ ሲቆም መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ስለሆነ ባለ ሱቁ ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ በጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥናቸው፤ 430፣ 410፣ 385 ግራም። ባለ ሱቁ "ኪሎው ስንት ነው?" እያለ ይቀልዳል፣ እኔ አለቅሳለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ደገምንላቸው።

ሦስቱም ተረፉ። ከዚያ በኋላ ጡት ማስጣል ምን እንደሆነ ገባኝ፤ እናንተ ምግብ ታቀርባላችሁ እንጂ የምታስጥለው እናትየዋ ናት። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ እስኪለሰልስ ቀቅዬ ከመረቁ ጋር እንደ ገንፎ አልመው ነበር። አንዳንዴ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። ሽሮ ፍትፍት የምትሰጡ ተዉ፤ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም የድመት ደም ይጎዳል። ሰባት ሳምንት ሲሞላቸው ልጆቹ ጡት ሲፈልጉ ውሪት ብድግ ብላ ቁም ሳጥኑ ላይ ትወጣለች። ለመጸዳጃ ከአናጺ ሰጋቱራ ለምኜ ዝቅ ባለ ካርቶን አደረግሁ፣ እናታቸውን አይተው በሦስት ቀን ለመዱ።

የመጋዘኑ ጠባቂ በስድስተኛው ሳምንት ጆንያ ይዞ መጣ። "ትልቅ ከሆነች ቤት አትለምድም፣ እህቴ።" ሁሉም ሰው የሚለው ነው፣ ውሸት ነው። ስምንት ሳምንት ይበቃል የሚሉም አሉ፤ እኔ ከዚህ በኋላ ከአሥር በታች ንክች አላደርግም። መንከስና መቧጨር የት ላይ እንደሚቆም የሚማማሩት እርስ በርስ ሲታገሉ ነው። "ጋሼ፣ መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ መርዝ ትጠቀማላችሁ?" አልኩት። ሳቅ ብሎ "አልፎ አልፎ" አለኝ። መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች። መርዙ ካልተነሳ ድመት የለም አልኩት። ተቀይሞኝ ሄደ። በአሥረኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ፣ መርዙ መነሳቱን ሄጄ በዓይኔ አየሁ። "ደግሞ አታስርቧት" ብለውም "የጠገበች ድመት አይጥ ትይዛለች እንዴ?" አለ። ትይዛለች። የራባት ናት ቤት ጥላ የምትሄደው።

ለሦስቱም ውሪት የተኛችበትን ጨርቅ ቀድጄ ቁራጭ ቁራጭ ሰጠሁ። አንገቷን በሲባጎ እንዳታስሩ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት አልኳቸው። ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያስከትቡም እየደወልኩ ጨቀጨቅኋቸው። በሽታው ስሙ የውሻ ነው እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመት ወደ ሰውም ይተላለፋል። የአጋሮዋ "አንቺ ልጅ፣ ድመት ነው ወይስ ልጅሽን ነው የሰጠሽኝ?" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። በነጋታው ደወልኩ።

ውሪት ሰሞኑን ሆዷ ገፋ ብሏል። እያጠባች ማርገዝ እንደምትችል ማን ነገረኝ? ባለ ሱቁ ባየኝ ቁጥር "ሚዛኑን ልሽጥልሽ?" ይለኛል።