የአሥራ አራት ሰው እግር

በግዢ ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ጄኔሬተር ገዝቻለሁ፣ የመኪና ጎማ ገዝቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ ለአዳራሽ 300 ወንበር። ከሁሉም ያዋረደኝ ግን የሩጫ ጫማ ነው።

እዚሁ ድሬ የሠራተኞች የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተዘጋጀ ተባለ። ከእኛ ቤት 14 ሰው ተመዘገበ። ሾፌሩ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ ኮምፒውተር የሚጠግንልን ልጅ፣ እኔም ጭምር። አለቃችን «ጫማው በመሥሪያ ቤቱ ይሁን» ብለው መሩበት። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ።

መስፈርት ጻፍኩ። አሁን ሳየው ያፍረኛል፦ «የስፖርት ጫማ፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ ነጭ፣ 14 ጥንድ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ለፎቶ ኮፒ ወረቀት እንኳ 80 ግራም ሳልል የማላልፍ ሰውዬ! የእግር ቁጥር በስልክ ሰበሰብኩ። አንዱ «41» አለ። አንዷ «39፣ ካልሆነ 40» አለች። ሾፌሩ «ኧረ አቦ፣ ለጫማ ይኼን ያህል? 43 ብለህ ጻፈው» ብሎ ዘጋብኝ።

ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛው ዋጋ አሸነፈ። ጫማው መጣ፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ቲሸርቱ ስለዘገየ «አንድ ላይ ይታደላል» አልኩና ሦስት ሳምንት እዚያው ከረመ። የእኛ ግምጃ ቤት ቆርቆሮ ነው። ግንቦትን ድሬ ያሳለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ውድድሩ እሁድ ሆኖ እኔ ያደልኩት ዓርብ ከሰዓት ነው። ሁሉም የንብረት ወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ላይ ፈርሞ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከለገሃር ተነሳን። ሙዚቃው፣ ጭብጨባው፣ አዲሱ ጫማ፣ ሁሉም ተደማምሮ ፖሊስ እንዳባረረው ሌባ ተፈተለክን። የኮምፒውተሩ ልጅ ከፊት ነበር። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሳገኘው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጎኑን ይዟል። አምስተኛው ላይ የራሴ የቀኝ ጫማ ከጣት በኩል አፉን ከፈተ። በየእርምጃው ጠብ ጠብ እያለ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ አጀበኝ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በካልሲ ገባች። ሾፌሩም ገባ። በማግስቱ ግን የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍር ጠቁሮ ወደ ሥራ የመጣው በነጠላ ጫማ ነበር። ከ14ታችን የጨረስነው ስምንት ነን።

ሰኞ የተላቀቁትን ጫማዎች በፌስታል ይዤ አቅራቢው ዘንድ ሄድኩ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ፋይሉን አወጣና የገዛ መስፈርቴን አነበበልኝ። «ስፖርት ጫማ ይላል፣ አቅርቤያለሁ። ነጭ ይላል፣ ነጭ ነው። ለሩጫ የሚል የታለ ወንድሜ?» የለም። «ስንት ቀን አስቀመጣችሁት? የት?» አለኝ ቀጥሎ። የቆርቆሮው ነገር ትዝ አለኝ። ርካሽ ማስቲሽ በዚያ ሙቀት ሦስት ሳምንት ሲቀቀል ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ቢሮ ስገባ አለቃችን «አበበ ቢቂላስ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሁን ሊያሽሟጥጡኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስለ ጫማ ሲነሳ ይቺ ነገር ሳትነሳ አትቀርም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግር መሮጥም ለምዶታል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና 2:15:16 የነበረውን ሰዓቱን ወደ 2:12:11 አወረደው። እኔ እንደማየው አበበ የማይመች ጫማ አልቀበልም ያለ ሰው ነው። እኔ 14 ጥንድ በሞዴል ተረክቤያለሁ።

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በማለዳ ልጆች የሚያሠለጥን አንድ ሰው አለ። ሾፌሩ ነው ያገናኘኝ። ከተላቀቁት ጫማዎች አንዱን ሰጠሁት። አጠፈው። መሃሉ ላይ እንደ ጋዜጣ እጥፍ አለለት። «የሩጫ ጫማ መታጠፍ ያለበት ከጣቶች ሥር፣ እግርህ ራሱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው» አለኝ። የተረከዙን ዙሪያ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ሟሸሸ። እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠመዘዘው፣ ያለ ተቃውሞ ዞረለት። «ይኼ ለሰርግ ነው የሚሆነው» አለና መለሰልኝ።

ከዚያ ስለ ቁጥሩ ጠየቀኝ። በስልክ እንደሰበሰብኩ ስነግረው ሳቀ። እግር ስትሮጥ ያብጣል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጫማ የሚለካው ከሥራ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ለሩጫ የምታደርገውን ካልሲ አድርገህ፣ ቆመህ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል መትረፍ አለበት። ተረከዝ ግን ወለም ዘለም ማለት የለበትም። የአብዛኛው ሰው ሁለት እግር ደግሞ እኩል አይደለም፣ የሚገዛው ለትልቁ ነው። የሾፌሩ ጥፍር የጠቆረው ጣቱ ጫፉን ሲመታ ስለዋለ ነው። የ«43» እና የ«43» ጫማ ርዝመት እንኳ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ይኼን ሰምቼ ዝም አልኩ። ለዘጠኝ ዓመት ቁጥር አምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሁሉንም ጥፋት በጫማው ላላክክ ስል ግን አልፈቀደልኝም። «ስንት ቀን ተለማመዳችሁ?» አለኝ። አንድም ቀን። «እንግዲህ ጫማው ምን ያድርግ?»

በዓመቱ ውድድሩ እንደገና ሲጠራ ከሦስት ወር በፊት ጀመርን። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ሳትወጣ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። የኮምፒውተሩ ልጅ «ይኼ ለሽማግሌ ነው» ብሎ ሊያኮርፍ ነበር። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንሩጥ ያለውም እሱ ነው። በበጋ ወንዙ ደርቆ ሜዳ ሲሆን እውነትም ያምራል፣ የ1998ቱን ጎርፍ ላላየ ሰው ወንዝም አይመስል። አሠልጣኙ ግን ለጀማሪ አይሆንም አለ። ልል አሸዋ የባትንና የተረከዝን ጅማት ያለ ልክ ይስባል።

የፍጥነት መለኪያችን ሐሜት ነበር። አልቀለድኩም። ሰውየው ያለን «እያወራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል» ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋና የመዝገብ ቤቷ ልጅ ይኼን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። ቢሮ ውስጥ ያልተነሳ ሰው የለም፣ እኔም ከኋላ ሆኜ ስለራሴ ሰምቻለሁ። ግን ሠራ። በዝግታ ረዘም አድርገህ ስትሮጥ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ይለምዳል፣ ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበረክታሉ። ትንፋሽ ቶሎ ይስተካከላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ይዘገያሉ። እኔ አምስተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሼ ሲሻሻል ጊዜ ርቀቱን በአንዴ እጥፍ አደረግኩትና ቅልጥሜን አሞኝ አሥር ቀን ተቀመጥኩ።

ጫማውስ? መስፈርቱ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ለአስፋልት ሩጫ፣ ሲታጠፍ የት እንደሚታጠፍ፣ ተረከዙ፣ ሶሉ፣ እያንዳንዱ ሯጭ ለክቶ ካልተስማማው እንደሚቀየር ጭምር። ርክክቡ ከውድድሩ ስምንት ሳምንት በፊት፣ አዲስ ጫማ በውድድር ቀን እንዳይደረግ። የግዢ ኮሚቴው «ለጫማ ይኼ ሁሉ?» አለ። የደራራ ሁሪሳን ነገር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቪየና ማራቶን ላይ አንደኛ ገብቶ፣ የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሰረዘበት። ደንቡ የሚፈቅደው 4 ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር! ኮሚቴው ፈረመ።

የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ጥያቄ ነበራት፣ ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ? የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይሞታል፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም። አላቂ ተብሎ ተመዘገበ።

13 ሰው ጨረሰ። የኮምፒውተሩ ልጅ ዘንድሮም ከለገሃር ተፈትልኮ ወጥቶ፣ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱ ሐሜተኞች እያወሩ አለፉት።

ዓመቱ ሲዘጋ ኦዲተር መጣ። ለምን ዝቅተኛው ዋጋ እንዳልተመረጠ ጠየቀኝ፣ ፋይሉን ሰጠሁት። ከመስፈርቱ ጀርባ 14 ወረቀት ተያይዟል። አመሻሽ ላይ ሁሉንም በካልሲ ወረቀት ላይ አቁሜ በእርሳስ ዙሪያቸውን ያነሳሁት የእግር ቅርጽ ነው። እያንዳንዱ ተፈርሞበታል፣ ማኅተምም አለው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አባሪ ነው።»

አንድ በአንድ ገለጠ። የሾፌሩ ላይ ሲደርስ ቆየ። ሰውየው 43 ብሎኝ የነበረው 45 ሆኖ ተገኝቷል። ኦዲተሩ ፋይሉን ዘጋ፣ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ሳብ አድርጎ አየት አደረገና፣ «የእኔም እኮ ቀኙ ይበልጣል» አለ።