የኮዳክ ፎቶ ሲዲ ፋይሎችን መለወጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን የያዘኝ ሥራ የድሮ ፎቶ ፋይሎችን የዛሬ ስልክ ወደሚከፍተው ዓይነት መለወጥ ነው። ከሁሉም ያስቸገረኝ ፒሲዲ የሚባለው የኮዳክ ፎቶ ሲዲ ፋይል ነው። አክስቴ ዋሽንግተን ስታገባ የተነሳችው የሠርግ ፎቶ ያለው በዚህ ነው።

ኮዳክ ፎቶ ሲዲን ለገበያ ያቀረበው በፈረንጆቹ 1992 ነው። ፊልም ለማሳጠብ ስትሰጡ ፎቶዎቹን ስካን አድርገው በሲዲ ይሰጧችሁ ነበር፤ አንዱ ሲዲ ወደ 100 ፎቶ ይይዛል። የዛሬ ስልክ ግን እነዚህን ፋይሎች ጭራሽ አያውቃቸውም።

ኢሜጅማጂክ ያውቃቸዋል። በነፃ የሚገኝ፣ ትዕዛዝ በመጻፍ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ ከ1990 ጀምሮ አለ። ግን እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ዝም ብላችሁ ወደ ጄፔግ ለውጥ ካላችሁት፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ 768 በ512 ፒክስል የሆነ ፎቶ ያወጣላችኋል። በስልክ ስታዩት ምንም አይልም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ያው ፎቶ በ5 መጠን ነው፤ ትንሹ 192 በ128፣ ትልቁ 3072 በ2048። የተሰጣችሁ መሃለኛው ነው። ትልቁ በፒክስል ብዛት የእሱ 16 እጥፍ ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው። ትዕዛዙ ላይ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ፣ ክፍት ቦታ ሳትተዉ፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ 5 ቁጥርን ጻፉ። በቃ። በመሃለኛው ፎቶ የአክስቴ ቀሚስ ጥለት ድብልቅልቅ ያለ ቀለም ነው። በትልቁ ግን ክሮቹ ለየብቻ ይታያሉ።

ሌላው ጣጣ ነጭ ነገር ነው። ኮዳክ ቀለሙን ያስቀመጠበት መንገድ ፎቶዋይሲሲ ይባላል። ከተለመደው ነጭ በላይ የሚያበራውንም የፊልሙን ብርሃን ይይዛል። ይህን ያላገናዘበ ፕሮግራም ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል። ያኔ ነጠላው እጥፋቱ ጠፍቶ እንደ ወረቀት ድርቅ ይላል። ሠርግ ላይ ደግሞ ነጭ ያልለበሰ ማን አለ? ስለዚህ አንዱን ፎቶ በሁለት ፕሮግራም ለውጣችሁ ነጩን አስተያዩ። ፒሲዲቱጄፔግ የሚባል ለዚሁ ብቻ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራምም አለ፤ ሞክሩት።

የተለወጠውን የፎቶውን ጥራት በማይቀንሱት በቲፍ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጡ። ጄፔግ ለመላኪያ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። የመጀመሪያውን ፒሲዲ ደግሞ እንዳታጠፉት። ቦታ ይይዛል ብላችሁ እንዳትሳሱ፣ አንዱ ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ነው።

ቀጥሎ ተራው ፒክት የሚባሉት የድሮ ማክ ኮምፒውተር የምስል ፋይሎች ነው። ፒክት መጀመሪያው ላይ 512 ባይት መግቢያ አለው፤ አንዳንዱ ፋይል እሱን ሳይይዝ ነው የሚገኘው። እንዲህ ሲሆን ፊቱ ላይ 512 ዜሮ ባይት መጨመር ነው። አሁን የጀመርኩት በዚህ ነው፤ ከናንተ መሃል የሠራበት ካለ ቀለሙ እንዴት እንደወጣለት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።