ዝናብ፣ ውቅያኖስና የቡቺ እግር

መስከረም ሲጠባ አገር ቤት ዝናቡ ለቀቅ ያደርግና አደይ አበባ ይፈነዳል። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ተቃራኒው ነው፤ መስከረም ወደ ማለቂያው ሲል ዝናቡ ይገባል። እማዬ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን የመጣችው በዚሁ ወቅት ነበር። ውቅያኖስ ሳላሳያት እንድትመለስ አልፈለግኩም። ትሬለሩን፣ አልጋና ማሞቂያ ያለውን በመኪና የሚጎተት ቤታችንን፣ ከመኪናው ኋላ አሰርን፤ ውሻችንን ቡቺንና ድመታችንን ሻሼን ይዘን እኔ፣ ባለቤቴና እማዬ ከሲያትል ወጣን።

የሄድነው ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ክሌይሎክ የሚባል ካምፕ ነው። በኦሎምፒያና በአበርዲን በኩል አልፈን፣ 101 ቁጥር መንገድን ይዘን ወደ ሰሜን ነዳን። ቦታውን የመረጥኩት በቡቺ ምክንያት ነው። በፓርኩ አብዛኛው የእግር መንገድ ላይ ውሻ አይፈቀድም። የሆህ ዝናባማ ደን፣ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ ሽበት የለበሰበት ያ ዝነኛ ቦታ፣ የእግር መንገዶቹ ለቤት እንስሳት ዝግ ናቸው። የክሌይሎክ ባሕር ዳርቻ ግን ይፈቀዳል፤ ማሰሪያው ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር እንዳይረዝም ብቻ ነው የሚጠየቀው። እንስሳ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይጠይቅ እላለሁ። በዝናብ ቀን ከካምፑ በእግር የሚደረስ የተፈቀደ ቦታ ከሌለ ምስኪኑ እንስሳ ተዘግቶበት ይውላል።

እማዬ ገና ከቤት ሳንወጣ አቋሟን ነግራኛለች። «ልጄ፣ ውሻ የደጅ ነው። እኔ ከውሻ ጋር አንድ ክፍል አላድርም።» አልተከራከርኳትም። እሷ ባደገችበት ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሶፋ ላይ አይወጣም። ቡቺ በሩ ጋ፣ እሷ ጥግ ያለው አልጋ ላይ፣ በመሃል መጋረጃ ተጋርዶ ተስማማን።

ዝናቡ ሌሊት ጀመረ። የትሬለር ጣሪያ ስስ ነው፤ ድምፁ የቆርቆሮ ቤት ክረምትን ቁጭ ነው። ጠዋት ስንነሳ መስኮቱ ሁሉ ከውስጥ አልቦታል። ሦስት ሰው፣ ውሻና ድመት ሲተነፍሱበት ያደረ ጠባብ ቤት ነዋ! ያ እርጥበት መውጫ ካላገኘ ፍራሽ ሥር ገብቶ ይሻግታል። ስለዚህ ቢበርድም የጣሪያውን መስኮት ጣት በምታህል ከፍተን ነው ያደርነው። ማሞቂያውም እንደልብ አይደለም። ካምፑ የኤሌክትሪክ መስመር የለውም። ማሞቂያው የሚነደው በጋዝ ቢሆንም ሙቀቱን የሚነፋው ፋን የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ሰማዩ እንዲህ ሲደፈን ደግሞ ሶላሩ ባትሪውን አይሞላም። ጠዋት ትንሽ አሞቅንና አጠፋነው። ከዚያ በኋላ ጋቢ ነው።

ሻሼ ምንም አልጎደለባትም። አሸዋዋን ሻወሩ ውስጥ አስቀምጠንላታል። እሷ መስኮቱ ሥር ተጋድማ፣ ስቴለርስ ጄይ የሚባለው ጉትዬ ያለው ሰማያዊ ወፍ ጠረጴዛው ላይ ሲዘል በዓይኗ ስትከተለው ዋለች። ቡቺ ግን መውጣት አለበት።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ባሕሩ ወረድን። ዳርቻው ላይ ማዕበል የከመራቸው ግዙፍ ግንዶች አሉ። ልጅም ውሻም ሲያያቸው መውጣት ያምረዋል። ውሃው ሲሞላ ግን ያን የሚያህል ግንድ በቀላሉ ያንሳፍፈዋል፤ ሰው ሥሩ ገብቶ ሞቶ ያውቃል። ስለዚህ የባሕሩን ሙላትና ሽሽት ሰዓት አይተን፣ ውሃው ሲሸሽ ነው የወረድነው። ቡቺን ከግንዶቹ አራቅነው። እማዬ ዣንጥላዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ማዶው የት ነው?» አለችኝ። «የለውም እማዬ፣ ከዚህ ተነስተሽ ጃፓን ነው።» ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረችና ቀመሰችው። ከዚያ አማተበች።

ጣጣው ስንመለስ መጣ። እንደዚያ የራሰ ውሻ ትሬለር ውስጥ ከገባ አልጋውም ልብሱም ምግቡም የእርጥብ ውሻ ሽታ ይሸታል፤ ሽታው ደግሞ ቀን ይቆያል። ፎጣ ሳነሳ እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «እግሩን ሳታጥቢ እንዳታስገቢው! ሳፋ አምጪ።»

ሳፋውን ለብ ባለ ውሃ ሞላሁላት። ቡቺ እግሩን ሲነኩት አይወድም፤ እኛንም ያስቸግረናል። እሷ አልተለማመጠችውም። «ና ወዲህ አንተ!» አለችው። መጣ። እግሮቹን አንድ በአንድ ነከረች፤ በጣቶቹ መሃል የገባውን አሸዋ በአውራ ጣቷ እየፈለቀቀች አወጣችው። በፎጣው ጠቅልላ ጭምቅ፣ ጭምቅ አደረገችው። መጨረሻ ላይ ሆዱን። ጨውና አሸዋ በውሻ ጣቶች መሃል ከቆየ ቆዳውን ያቆስለዋል፤ ይህን ማንም ሳይነግራት ትክክለኛውን ቦታ አገኘችው። «ጎጃም ክረምቱ ጭቃ ነው። ሰውም እግሩን ሳይታጠብ ቤት አይገባም» አለች፣ ቀና ሳትል። በዚያ ቀን ቡቺ በወጣ በገባ ቁጥር ሳፋው የእሷ ሥራ ሆነ። ትሬለሩ አልሸተተም።

ከሰዓት በኋላ ቡና አማራት። ጀበናዋን፣ ጥሬ ቡናዋን፣ እጣኗን ሁሉ ይዛ መጥታለች። ከሰል ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ እኔ እምቢ አልኩ። ትሬለር ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ነፍስ ያጠፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽታ የለውም፣ ቤቱ ደግሞ ከሰው ቤት ሁሉ ይጠባል። እማዬ አልሞገተችኝም። የከሰል ጭስ የጨረሰው ቤተሰብ ወሬ አገር ቤትም ይሰማል። እጣኑ ቀረ። ቡናውን ደጅ፣ ከትሬለሩ ጎን በተዘረጋው ሸራ ሥር፣ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ቆላችው። ሸራውን ባለቤቴ በአንድ ጎን ዝቅ አድርጎት ነበር፤ አለዚያ ውሃው መሃሉ ላይ ይጠራቀምና ብረቱን ያጎብጠዋል።

ማታ ዶሮ ወጥ ስናሞቅ እማዬ ለቡቺ አጥንት ልትወረውርለት ነበር። እጇን ያዝኳት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያጠፋል፤ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። «ታዲያ ምን ይብላ?» አለች፣ ከልቧ አዝና። ከዳቦዋ ቆርሳ ሰጠችው።

ስለ ዝናቡም ጠየቀችኝ። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የኦሎምፒክ ተራሮችን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያለውን ሁሉ በዚህ በኩል ያራግፋል። የሆህ ደን በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብበታል፤ ከአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከተራሮቹ ማዶ ያለችው ስኩዊም የምትባል ከተማ ግን 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምታገኘው።

በማግስቱ ወደዚያው ነዳን። ፎርክስን ስናልፍ ይዘንባል፣ ክሬሰንት ሐይቅ ላይ ያካፋል፣ ፖርት አንጀለስ ስንደርስ ደመናው ተገመሰ። ስኩዊም ላይ ፀሐይ ነው። ገመድ ዘርግተን ፎጣውን፣ የቡቺን ምንጣፍና ጋቢውን ሁሉ አሰጣነው። እማዬ ፎጣዎቹን እያገላበጠች ቆጠረቻቸው። «ለሚቀጥለው አራት ጨምሪ። ሁለቱ የሱ ብቻ ይሁኑ» አለችኝ፣ ቡቺን በአገጯ እያሳየችኝ።