የመንዝ ልጅ፣ ካያክና የእጅ ሬዲዮ

ሰሞኑን ለእረፍት መሃል ሜዳ ነኝ። ማታ እሳት ዳር ባና ደርበን ስንጫወት አጎቴ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አየና "ይቺ ቢጫ ነገር ምንድናት፣ ገንዳ ናት?" አለኝ። ካያክ ናት፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ አሜሪካ ሲያትል አጠገብ ፑጀት ሳውንድ የሚባለው ባህር ላይ ዓሣ የማጠምድባት። መጀመሪያ "በጾም ዓሣ ትበላለህ እንዴ?" ብሎ አፋጠጠኝ፣ ከሱ እንደምንም ካመለጥኩ በኋላ ደግሞ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለችውን ጥቁር መገናኛ ሬዲዮ አይቶ "ይቺስ?" አለ። ለሱ ያወራሁትን ነው የምጽፍላችሁ፣ እዛ ሀገር ካያክ ልጀምር እያላችሁ የምትጠይቁኝም ስላላችሁ።

ስጀምር ሬዲዮ አልነበረኝም፣ ስልኬን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ከትቼ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አይበቃም። እጅህ ሲረጥብና ሲደነዝዝ ስክሪኑ አይታዘዝህም፣ ደግሞ ስልክ የደወልክለትን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገኝልህ፣ ሬዲዮ ግን የድረሱልኝ ጥሪ በሚደረግበት ቻናል 16 ላይ ከተጣራህ ኮስት ጋርዱም (የባህር ጠረፍ ጠባቂው) መርከቡም አጠገብህ ያለው ትንሽ ጀልባም እኩል ይሰሙሃል። ልክ እኛ ጋ ኡኡ ሲባል ሀገሩ ሁሉ እንደሚወጣው ነው አልኩት ለአጎቴ፣ ወዲያው ገባው።

ከዛ ኦንላይን አንድ ርካሽ መገናኛ ሬዲዮ ገዛሁ፣ ፕሮግራም ካደረግከው ባህር ላይም ይሰራል ብሎኝ ነበር አንድ ልጅ። ለባህር እንድትሰራ የተፈቀደች እንዳልሆነች የሰማሁት ከገዛሁ በኋላ ነው፣ እሷም ብትሆን ሁለተኛ ቀኗ ላይ ጨው ውሃ ቀመሰችና ዝም አለች። ብሩ ሄደ በቃ።

በሁለተኛው ዙር ለባህር ተብሎ የተሰራ ቪኤችኤፍ የሚባለውን ሬዲዮ ነው የፈለግኩት። አይፒኤክስ 7 የሚል የውሃ መቋቋም ደረጃ ካለባት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ትችላለች ማለት ነው፣ 8 ከሆነ ከዛ ይሻላል። ግን ውሃ መቻሏ ብቻ አይበቃም፣ መንሳፈፍ አለባት፣ ውሃ የምትችል ሬዲዮ ባህር ወለል ላይ በሰላም ተቀምጣ ምን ትሰራልሃለች? መጨረሻ ላይ ስታንዳርድ ሆራይዘን ኤችኤክስ 890 ገዛሁ፣ ትንሳፈፋለች፣ ጂፒኤስ አላት። የማስተላለፍ ጉልበቷ 6 ዋት ነው፣ ብዙዎቹ ሌሎች 5 ናቸው፣ በዚህ ራሳችሁን አታድክሙ ምክንያቱም ወሳኙ ዋት አይደለም፣ ከፍታ ነው።

ይሄን መንዝ ላደገ ማስረዳት ቀላል ነው። እረኛ ሳለን ከአንዱ ጋራ ጫፍ ሆነህ ስትጣራ ገደሉን ተሻግሮ ማዶ ያለው ይሰማሃል፣ ሸለቆ ውስጥ ወርደህ ግን ጉሮሮህ ቢሰነጠቅ ማንም አይሰማህም። ቪኤችኤፍም በዓይን የሚታየውን ያህል ነው የሚሄደው። ካያክ ላይ ስትቀመጥ አንቴናህ ከውሃው አንድ ሜትር ቢሆን ነው፣ አድማስህ አራት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ካያኮች ማዕበል ካለ ከሦስትና አራት ኪሎ ሜትር በላይ ባይሰማሙ አይገርምም። የኮስት ጋርዱ አንቴና ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ እሱ ከሩቅ ይሰማሃል። ሬዲዮህን ስትናገር ቀጥ አድርገህ ከፍ አድርጋት፣ አታጋድማት።

አሁን ዋናው። ይቺን ሁሉ ብር ከፍዬ ሬዲዮዋን የት ነበር የማስቀምጣት? ከወንበሬ ጀርባ ያለው ሳጥን ውስጥ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ጀልባ ያስነሳው ማዕበል ጎኔን መታኝና ተገለበጥኩ፣ የዛ ባህር ውሃ በበጋም ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ፣ ካያኳን በአንድ እጄ ይዤ ሳጥኑን ልከፍት ብሞክር ሳጥኑ ያለው ከውሃው በታች ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ ቀዝፎ ደረሰና ካያኳን ቀልብሶ አወጣኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ... ተዉት። ከዛ ቀን ጀምሮ ሬዲዮዋ ላይፍ ጃኬቴ ላይ ናት፣ አንገቴ ላይ እንዳይጠመጠም አጭር ገመድ ታስሮባት። ካያክ ሊሄድብህ ይችላል፣ ላይፍ ጃኬትህ ግን ካንተ ጋር ነው።

ሬዲዮዋ ላይ ያለችው ቀይ የድረሱልኝ ቁልፍ፣ ዲኤስሲ የሚሉት፣ ክዳኗን ከፍተህ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ስትይዛት ማንነትህንና ያለህበትን ቦታ በቻናል 70 ትልካለች። ግን ኤምኤምኤስአይ የሚባል 9 ዲጂት መለያ ቁጥር ካልሞላህባት አትሰራም፣ አሜሪካ ውስጥ በነፃ ይገኛል። ስትሞሉ ተጠንቀቁ፣ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች እንደፈለጋችሁ እንድትቀይሩት አይፈቅዱም።

ሌላው ችግሬ እንግሊዝኛ ነው። ስደነግጥ ይጠፋኛል፣ በተለይ ቁጥር። ስለዚህ "ሜይዴይ" (የድረሱልኝ ጥሪ) ሦስት ጊዜ፣ ቢጫ ካያክ፣ ቦታ፣ ምን እንደሆንኩ፣ ስንት ሰው እንዳለ በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፌ በፕላስተር ሬዲዮዋ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት። ሬዲዮዋን አጥፍቼ ቤት ስለማመድ ሚስቴ በሳቅ ሞተች። የመናገሪያ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ አንድ ሰከንድ ቆይታችሁ ተናገሩ፣ ካልሆነ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች፣ ተናግራችሁ ስትጨርሱ ልቀቁት፣ ካለቀቃችሁት መልስ አትሰሙም። እኔ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ዓሣ ሳወጣ ቁልፉ ተጭኖ ትናንሽ ጀልባዎች በሚያወሩበት ቻናል 68 ላይ በአማርኛ ሳንጎራጉር ቆየሁ፣ ጓደኛዬ ቀዝፎ መጥቶ ነው የነገረኝ፣ እስከዚያ ቻናሉን ዘግቼባቸዋለሁ። እና ሬዲዮዬ ትሰራለች ወይ እያላችሁ ቻናል 16 ላይ አትሞክሩ፣ ለዛ ቻናል 9 አለ።

በጣም የጠቀመችኝ ግን ሳልናገር ነው። ጉም ይወርዳል መስከረም አካባቢ፣ የጣርማበርን ጉም አስቡት፣ መርከብ ደግሞ በውስጡ ይመጣል። 16ን እና የመርከቦች ትራፊክ የሚነገርበትን 14ን አንድ ላይ ከፍቼ አዳምጣለሁ፣ አንዱ መርከብ ወደኛ እየመጣ እንደሆነ ከሰማሁ ከዳር አልወጣም።

ባትሪ ብርድ አይወድም፣ እዚህ በታህሳስ ውርጭ ስልክ ቶሎ እንደሚሞተው ማለት ነው፣ ስለዚህ እስክወጣ ጃኬቴ ውስጥ አሞቃታለሁ። ስመለስ በቧንቧ ውሃ አጥባታለሁ፣ ጨው ቻርጅ የምታደርግበትን ብረት ይበላዋል።

የአክስቴ ልጅ "ብታመጣት ኖሮ ከጓሳ ጫፍ ሆነን እንሞክራት ነበር" አለኝ። መገናኛ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ እንደማይገባ ነግሬው ተውነው፣ እሷም ሲያትል ጓዳ ውስጥ ግማሽ ቻርጅ ሆና ተቀምጣለች።