ልጃችሁን ተከላካይ ሲያደርጉት

ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ውስጥ ልጆች ኳስ ሳሰለጥን በየዓመቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄን ለምን ኋላ ታቆመዋለህ?» የሚጠይቁኝ ወላጆች ደጎች ናቸው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው፣ ሳይተኙ፣ መኪናቸው ላይ ያደረውን በረዶ ጠርገው ነው ልጃቸውን የሚያመጡት። ታዲያ ልጃቸው ጎል ሲያገባ ማየት ቢያምራቸው አይፈረድባቸውም። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከልቤ የማምንበትን ልጻፍላችሁ።

ስጫወት መሃል ተከላካይ ነበርኩ። ዛሬም ከሥራ መልስ ከእኩዮቼ ጋር ስጫወት ቦታዬ እዚያው ነው። አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ አንዷን ቢያገባ ጀግና ነው። ተከላካይ ጨዋታውን ሙሉ ጠብቆ አንዴ ቢያመልጠው ስሙ የሚነሳው በዚያች ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

እዚህ ከተማ የካናዳውን ኳስ ተጫዋች አልፎንሶ ዴቪስን የማያውቅ ልጅ የለም። ወላጆቹ የላይቤሪያን ጦርነት ሸሽተው ጋና ገቡ። እሱ በ2000 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቡዱቡራም የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተወለደ። አምስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ካናዳ መጣ፤ ኋላም ኤድመንተን ከተመ። ወላጆቹ ሥራ ሲሆኑ ታናናሾቹን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ኳሱን የጀመረው ያኔ ፍሪ ፉቲ ይባል በነበረ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚካሄድ ሊግ ነው። ሊጉ ገንዘብ አይጠይቅም። ልብስም ትራንስፖርትም ያቀርባል። ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ እዚህ አገር ኳስ ብርቱ ወጪ አለው። ዘጠና ደቂቃ ለማሰልጠን አዳራሽ መከራየት፣ ምዝገባ፣ የሩቅ ጉዞ፣ ሁሉም ከወላጅ ኪስ ነው። ያ ሊግ ባይኖር ዴቪስን ማን ያየው ነበር?

በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ቫንኩቨር ዋይትካፕስ የተባለው ክለብ አካዳሚ ገባ። በ15 ዓመቱ ከትልልቆቹ ጋር በአሜሪካና በካናዳ ክለቦች ዋና ሊግ (ኤምኤልኤስ) ተሰለፈ። ያኔ የመስመር አጥቂ ነበር። በ2019 መጀመሪያ የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ ሲደርስም እንደዚያው ነበር። የዚያ ዓመት መኸር ላይ ግን የባየርን ተከላካዮች ኒክላስ ዙለና ሉካስ ሄርናንዴዝ ተጎዱ። የግራ ተከላካዩ ዳቪድ አላባ ወደ መሃል ገባ። ግራው ክፍት ሆነ፣ ልጁንም እዚያ አቆሙት። አለቀ፣ ቦታው የሱ ሆነ። በነሐሴ 2020 ሊዝበን ላይ ባየርን ባርሴሎናን 8 ለ 2 ሲያሸንፍ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ። የባርሴሎናውን ተከላካይ ኔልሰን ሴሜዶን በአብዶ አለፈው፣ እስከ ጎሉ ጥግ ድረስ ገፋና ለቡድን ጓደኛው ለኪሚች አመቻቸለት። በዚያው ወር ሻምፒዮንስ ሊግን አነሱ። ወደ ኋላ መሳቡ አላሳነሰውም። እንደኔ እንደኔ፣ ያ ቦታ ነው በዓለም ያስጠራው።

ባለፈው በበረዶው ወራት አንድ አባት አዳራሹ ጥግ ጠብቆ ያዘኝ። «አሰልጣኝ፣ ልጄ እኮ ፈጣን ነው። ምነው ኋላ አሰርከው?»

«ወንድሜ፣ ፈጣን ስለሆነ ነው» አልኩት። «ደግሞ ሲጫወት ልብ ብለህ እየው።»

ልጁ አገሩን ገና መልመዱ ነው። አይናገርም። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል። አጥቂ ሳደርገው ኳስ እስኪመጣለት ዝም ብሎ ይቆማል። መሃል ተከላካይ ግን ዝም ማለት አይችልም። ሜዳው ሁሉ የሚታየው ለእሱ ነው። «ከኋላህ ሰው አለ!»፣ «ውጡ!»፣ «ያዘው!» ማለት አለበት፤ ካላለ ጎል ይገባል። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። እየቆየ ድምፁ አዳራሹን ይሞላው ጀመር። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ ግን ልጆቹ ይሰሙታል፣ ይታዘዙታልም። አባትየው ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው አልጠየቀኝም።

ለልጆቹ የማስተምረው ብዙ አይደለም። ከአጥቂ ፊት ቀጥ ብለህ አትቁም፣ ጎንህን ስጠው። ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። እግሩ ሲወዛወዝ አትከተለው፣ ኳሷን እያት። ወደ መሃል አታስገባው፣ ወደ መስመር ግፋው፤ መስመሩ ላንተ ተጨማሪ ተከላካይ ነው። ሸርተቴ (መሬት ላይ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ) የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ መሬት ከወደቅክ ከጨዋታው ወጥተሃል። ከሁሉ የሚከብዳቸው ደግሞ ኳሱ ሳይመጣ ዞር ብሎ ኋላን ማየት ነው። ልጅ ዓይኑ ከኳስ አይነቀልም። ይሄ እስኪገባቸው ስንት ጊዜ እንደምጮህ ጎረቤት ሜዳ ያሉት ይመስክሩ።

በኅዳር 2021 ካናዳ እዚሁ ኮመንዌልዝ ስታዲየም ሜክሲኮን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ከ44 ሺህ በላይ ሰው ነበርን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለቱንም ጎል ያገባው ካይል ላሪን ነው። የብዙ ሰው ትዝታ ግን የግራ ተከላካዩ ሳም አዴኩግቤ ነው፤ በደስታ ሮጦ የበረዶ ክምር ውስጥ ተወርውሮ ገባ። እሱም የስደተኛ ልጅ ነው። ከናይጄሪያውያን ወላጆች ለንደን ተወልዶ ካልጋሪ ያደገ።

በሚቀጥለው ዓመት ኳታር ላይ ካናዳ ከክሮኤሺያ ስትገጥም ዴቪስ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አገባ። በዓለም ዋንጫ የካናዳ ወንዶች የመጀመሪያ ጎል ነበረች። በወዲያኛው ወገን መሃል ተከላካይ የነበረው ደያን ሎቭረን ነው። እሱ በሦስት ዓመቱ ከቦስኒያ ጦርነት ሸሽቶ ጀርመን ያደገ፣ እዚያም ከሰባት ዓመት በኋላ ውጡ የተባለ ቤተሰብ ልጅ ነው። ካናዳ 4 ለ 1 ተሸነፈች። እኔ ግን ሁለቱን በአንድ ሜዳ ሳይ እንባዬ መጣ።

ለወላጆች የጨለማውንም ጎን እነግራቸዋለሁ። ዴቪስ በ2022 መጀመሪያ ከኮቪድ በኋላ በልብ ጡንቻ ሕመም ለወራት ከሜዳ ርቋል። በመጋቢት 2025 ደግሞ ለካናዳ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የከተማችን ክለብ ኤፍሲ ኤድመንተን ከ2022 ወዲህ በካናዳ ፕሪሚየር ሊግ የለም። ስለዚህ ፕሮፌሽናል መሆን የሚፈልግ ልጅ ከቤት መውጣቱ አይቀርም። ትምህርቱን እንዳይለቅ አደራ የምለው ለዚህ ነው። ደግነቱ ተከላካይ አይቸኮልበትም። አካልም ማስተዋልም ሲበስል ነው የሚያምርበት። የጣሊያኑ ተከላካይ ማልዲኒ ጫማውን ሲሰቅል 40 ዓመቱ ነበር። የብራዚሉ ተከላካይ ቲያጎ ሲልቫ ቼልሲን ሲለቅ 39 ሞልቶት ነበር። የ12 ዓመት ልጅ ዘንድሮ ስላልተመረጠ ቤት ውስጥ ለቅሶ መቀመጥ አያስፈልግም።

አሁን የቸገረን ትራንስፖርት ነው። ወላጆቻቸው ቅዳሜ የሚሠሩባቸው ልጆች አሉን፤ አውቶቡሱ ደግሞ በበረዶ ቀን አይታመንም። ቅዳሜ ጠዋት መኪናችሁ ውስጥ ቦታ ያላችሁ ልጆቹን እያደረሳችሁ ብትመልሱልን ትልቅ ነገር ነው። ነዳጁን እኛ እንጋራለን።