መጋዙ በበሩ አልገባም አለ

ከግቢያችን ጀርባ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ተኩል የሆነች ሰርቪስ ቤት አለች። ለዓመታት የተሰበረ አልጋ፣ ባዶ ጀሪካንና የከሰል ጆንያ ሲከማችባት ኖሯል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እንጨት እወዳለሁ። ቤት ውስጥ ወንበር ሲነቃነቅ ወይም የቁም ሳጥን በር ሲወላገድ የምጠራው እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ያቺን ቤት አጽድቼ የራሴ የእንጨት ሥራ ቦታ ላደርጋት ቆረጥኩ።

ገንዘብ ስቆጥብ ቆይቼ መጀመሪያ የገዛሁት መሣሪያ ነው። ያገለገለ ባለ ጠረጴዛ መጋዝ፣ ከነሞተሩ። ለአራት ሆነን ከመኪናው አውርደን እስከ በሩ ተሸከምነው። እዚያ ቆምን። የበሩ ስፋት 80 ሴንቲ ነው፤ መቃኑ ሲቀነስ 74 ይቀራል። በጎን ብናዞረው፣ ብናጋድለው፣ እግሩን ብንፈታው መጋዙ አልገባም አለ። ያን ሌሊት በሸራ ተጠቅልሎ ደጅ አደረ። ክረምት ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጎረቤታችን መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በብየዳ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ በር የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ላስፋው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደምታስገባ ንገረኝ» አሉኝ። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ «ቀጥሎ ምን እንደምታስወጣ» አሉ።

የሚገባውን አስቤ ነበር። የሚወጣውን ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ሥራዬን እንደገና ከዜሮ የጀመርኩት ከዚያች ጥያቄ ነው።

የልጆቹን ጠመኔ ወስጄ ግቢው ሊሾ ላይ ክፍሉን በሙሉ ልኩ ሣልኩት። ሦስት በአራት ተኩል። መጋዙን፣ የሥራ ጠረጴዛውን፣ የእንጨት መደርደሪያውን ሁሉ በልካቸው አሰመርኩ። ወረቀት ላይ ሲሣል ሁሉም ነገር ይበቃል። መሬት ላይ ሣሉትና መሐሉ ገብታችሁ ቁሙ፤ ያን ጊዜ እውነቱ ይታያል። ክርናችሁ የት እንደሚመታ፣ ጀርባችሁ ከምን እንደሚጋጭ ታውቃላችሁ።

ትልቁን ነገር ያወቅሁት እዚያ ላይ ነው። የፋብሪካ የእንጨት ሰሌዳ፣ ኤምዲኤፍም (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀው) ሆነ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀው)፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው 1.22 በ2.44 ሜትር ሆኖ ነው። ባለ 18 ሚሊው ኤምዲኤፍ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በቁመቱ ለመሰንጠቅ ከመጋዙ ጥርስ በፊት 2.44 ሜትር፣ ካለፈም በኋላ 2.44 ሜትር ያስፈልጋል። ገፊው የሚቆምበት ግማሽ ሜትር ሲጨመር 5.40 ገደማ ይሆናል። የእኔ ክፍል ደግሞ 4.50 ነው። ቤቱን ማስረዘም አልችልም። በሩን ግን ማስፋት እችላለሁ።

ስለዚህ መጋዙን ፊት ለፊት ከበሩ ጋር አሰለፍኩት። ጥርሱ ከኋላ ግድግዳ 3 ሜትር፣ ከበሩ 1.50 ይርቃል። ሰሌዳው ተሰንጥቆ ሲያልፍ አንድ ሜትር የሚጠጋው በተከፈተው በር በኩል ወደ ግቢው ይወጣል። በሩ የክፍሉ ቅጥያ ሆነ ማለት ነው። የበሩ ስፋትም የወጣው ከዚሁ ነው። ሰሌዳው የሚያልፈው ተጋድሞ ስለሆነ 1.22 ሙሉ ያስፈልገዋል፤ በግራና በቀኝ ለእጅም ለእንጨትም መላወሻ ሲታከልበት 1.60 ላይ ረጋሁ። ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ አንዱ አንድ ሜትር፣ ሌላው 60 ሴንቲ። በየቀኑ የሚከፈተው ትልቁ ነው። ትንሹ ከላይና ከታች በመቀርቀሪያ ተይዞ ይቆያል፤ ሰሌዳ ወይም የተገጣጠመ ዕቃ ሲኖር ብቻ ይከፈታል።

ስለ ቁመትም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይረሳዋልና። 2.10 ቁመትና 60 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን መሬት ላይ ተኝቶ ከተገጣጠመ፣ ሲነሳ ማዕዘኑ 2.18 ይደርሳል። ኮርኒሳችሁ ከዚያ ዝቅ ያለ ከሆነ ቁም ሳጥኑ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። የእኔ ኮርኒስ 2.40 ስለሆነ ተርፌያለሁ። በሩን 2.20 አደረግሁት።

ግድግዳው ብሎኬት ነው። በር ማስፋት ማለት መዶሻ ማንሳት ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ግድግዳና ጣሪያ የሚያርፍበት አዲስ ጉበን በአርማታ መሞላት አለበት፤ ጫፉም በሁለቱም በኩል 20 ሴንቲ ያህል ግድግዳው ላይ መቀመጥ አለበት። ግንበኛው በድጋፍ እንጨት ይዞት ሠራው። ድጋፉን ቶሎ ለማንሳት ቸኩዬ ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አልነካም አለኝ። ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁት። በጣም አመሰግነዋለሁ።

የተሳሳትኩት መቃኑ ላይ ነው። የመቃኑን የብረት እግሮች ባዶው ብሎኬት ውስጥ በሲሚንቶ ለጠፍናቸው። ወር ሳይሞላ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ መቃኑ መነቃነቅ ጀመረ። በሩ የተሠራበት ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ (ዝርግ ብረት) በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። የክፈፉ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) ሲጨመርበት ትልቁ ተካፋች ለብቻው ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ክብደት በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ባዶ ብሎኬትን ይጎትታል። በመጨረሻ በሁለቱም በኩል ያሉትን ብሎኬቶች ከፍተን ፌሮ አስገባንና ከታች እስከ ላይ በአርማታ ሞላናቸው። ይህ መጀመሪያውኑ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ልስኑን ሁለት ጊዜ ባልከፈልኩ ነበር። ማጠፊያውንም ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አደረግን።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ወይስ ወደ ውስጥ? እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሳቸው ሌባ ፈርተው ወደ ውስጥ አሉ። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ማጠፊያው ደጅ ይቀራል፤ ፒኑ ከተመታ በሩ ይወልቃል። እኔ ደግሞ ቦታ አልነበረኝም። ባለ አንድ ሜትር በር ወደ ውስጥ ሲዞር የሚበላውን ቦታ በጠመኔና በገመድ ሣልኩላቸው። መጋዙን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። መስኮቱ ብረት አለበት፤ እሳት ቢነሳ መውጫዬ በሩ ብቻ ነው። ተደናግጦ የሚሮጥ ሰው በር ይገፋል እንጂ አይስብም። በዚህ ተስማሙ። ፒኖቹን በየዷቸው። በማጠፊያው በኩልም በሩ ሲዘጋ መቃኑ ውስጥ የሚገቡ አጫጭር የብረት ጥርሶች ጨመሩ፤ ማጠፊያው ቢቆረጥ እንኳ በሩ አይወልቅም። በሩ ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልገው በእጅ የሚከፈት መሆኑን አረጋገጥን። ማንም ከውጭ እንዳይቆልፍብኝ ሥራ ላይ ስሆን ጓጉንቸሩን ይዤው እገባለሁ።

ያው ገመድ ሌላም ነገር አሳየኝ። በሩ ሲዞር ከውኃው ሮቶ ጋር ይጋጫል። ሮቶውን ያነሳነው በሩ ሳይሠራ ስለነበር ሥራው የግማሽ ቀን ብቻ ሆነ።

ወደ ውጭ የሚከፈት በር ዝናብ ይወደዋል። ስለዚህ ታዛውን በአንድ ሜትር አስረዘምነው። ሰሌዳው የሚወጣውም በዚሁ ታዛ ሥር ስለሆነ ሐምሌ ላይም ደረቅ ሆኜ እሠራለሁ። የክፍሉ ወለል ከግቢው ከፍ ይላል። ደፉን እንደ ደረጃ ከመተው ይልቅ በሊሾ አዘነበልነው። መጋዙ ያኔ በሦስት የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ላይ እየተንከባለለ ነው የገባው። ሁለት ሰው በቃው።

ላሜራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ጎረቤት አራስ ነበረች። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወፍራም ቺፕውድ በኮላና በብሎን አጣብቄ ጠርዙን በጎማ ዘጋሁት። ድምፁ በጣም ቀነሰ። የቀረውን በሰዓት ፈታሁት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ አሥራ ሁለት በኋላ መጋዝ አላስነሳም።

ስለ መብራት አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ መጋዙን በቀጭን ኤክስቴንሽን ነበር የማስነሳው። ሲነሳ የቤቱ አምፖል ይደበዝዛል፣ ሽቦው ይግላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከቆጣሪው ሥር የራሱ ብሬከር ያለው፣ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፣ ከነመሬት መስመሩ አስዘረጋሁ። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን እየሰነጠቅሁ ሳለ መብራት ሄደ። ማጥፊያውን ሳልነካ እንጨቱን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። መብራቱ መጣ። መጋዙ በራሱ ተነሳ። እጄ ከጥርሱ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ማብሪያውን ቀየርኩት። አሁን መብራት ሲሄድ ራሱን ያጠፋል፤ ሲመጣም አረንጓዴውን ቁልፍ ካልተጫንኩት አይነሳም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ማንም ሰው ይህ ማብሪያ የሌለውን መጋዝ ቤቱ እንዳያስነሳ እለምናለሁ። የመጋዙን ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ማብሪያ ግዙ።

ብናኙም ቀላል አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች መድቦታል። ከበሩ ፊት ለፊት፣ በኋላው ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ አስገባሁ። ንጹሕ አየር በበሩ ይገባል፣ ብናኙ በኋላ ይወጣል። ጭምብልም አደርጋለሁ። ሰጋቱራውን በየቀኑ እጠርጋለሁ፤ ግራይንደርና ብየዳ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። አንዲት ብልጭታ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብራ ሌሊት ልትነሳ ትችላለች።

ሌላው መሣሪያ ቀስ በቀስ መጣ። የሥራ ጠረጴዛውን ራሴ ሠራሁት። ቁመቱን ከመጋዙ ጋር እኩል አደረግሁት፤ ረጅም ጣውላ ሲሰነጠቅ መቀበያ ይሆነኛል። ባለ ፍሬን ጎማ ስላለው ሳልፈልገው ወደ ጥግ ይገፋል። ሞርሳውን (እንጨት ጨብጦ የሚይዘውን) ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፤ አሮጌ ቢሆንም ጥርሱ አልተበላም። ትራፓኖው (መብሻው) እና መላጊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ወለሉን ለእንቅስቃሴ ተውኩት።

ባለፈው ወር ለእናቴ የሠራሁት ቡፌ ተጠናቀቀ። ከዋንዛ ነው፤ ርዝመቱ 1.80፣ ስፋቱ 50 ሴንቲ። ሁለቱንም ተካፋች ከፈትን። ልጆቹ ሮቶው በነበረበት ቦታ ቆመው ያያሉ። አራት ሆነን አንስተን ወጣን፤ የትም አልነካም። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቡፌው ካለፈ በኋላ ከኪሳቸው ሜትር አወጡና መቃኑን ከላይ እስከ ታች ለኩት። ከዚያ በእጃቸው መዳፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። አልተነቃነቀም።